ገጽ መቶ አሥራ ሦስት

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬ የእሷ መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ደረሰ። ሁለት መቶ ስድስት ገጽ፣ በቅጠሉ አንድ ፊት ብቻ በእጅ የተጻፈ፣ በሰማያዊ ክር የታሰረ። ስለ ጓደኝነት ነው። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛችን ላይ ሲያኖረው «የጓደኛሽን እንግዲህ በጥንቃቄ» አለኝ። የሌላውን ሰው መጽሐፍ እንደ ጎረቤት ወሬ አጣድፌ የማነበው ይመስል።

ሥራችን እንዲህ ነው። እኔ የደራሲውን የእጅ ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነባለሁ። አራሚው ታይፒስቷ የጻፈችውን ቅጂ በዓይኑ ይከተላል። የጎደለ ወይም የተዛባ ሲያገኝ «ቁሚ» ይለኛል፣ ያርምና «ቀጥዪ» ይለኛል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስንባባል ኖረናል። ከሟቹ ባሌ ጋር እንኳ ይህን ያህል አልተነጋገርኩም።

ጓደኛዬ ራሷ ልታየው አትችልም። ዓይኗን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ለሰባት ሳምንት አንዲት ቃል እንዳታነብ ተከልክላለች። ለሥራ አስኪያጁ ደውላ «እሷ ካነበበችው እኔ አነበብኩት ማለት ነው» አለችው አሉ። ሰው ሁሉ እየመጣ እንደ ሙገሳ ይነግረኛል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ምዕራፍ አንድ። የጥንት ሰዎች ጓደኛ ማለት ሁለተኛው አንተ ነው ይሉ ነበር ብላ ትጀምራለች። ከዚያ ትከራከራቸዋለች። ሁለተኛ እኔ ምን ያደርግልኛል፣ አንዷ መች አነሰችኝ ትላለች። ፊቴን መስታወት ያሳየኛል፣ ጓደኛ የሚያየው ግን ጀርባዬን ነው፣ እኔ ዕድሜ ልኬን የማላየውን።

ጥሩ ብላለች። ጥሩ ማለቷ ቀኑን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ዋለ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ እህቴ ራት እየጠራችኝ ነው።

ምዕራፍ ሦስት አለቀ። ባሏ አለ። የልጅነት ጓደኛዋ አለች። ውሻዋ አለ፣ እሱማ ሁለት ገጽ ሙሉ።

እኔ የለሁም።

እሑድ፣ የካቲት 9

ልጠይቃት ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ጉልበቴ እየጮኸ። መጋረጃው ተዘግቶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ያችው የመስኮቱ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። መጻሕፍቷ በየግድግዳው ተደርድረው ያዩዋታል፣ እሷ አታያቸውም። አሳዘነችኝ። ማዘኔን ግን አልወደድኩትም።

«እስከ የት ደረሳችሁ?» አለችኝ።

«ውሻው ሞተ።»

«አለቀስሽ?»

«አራሚው ነው ያለቀሰው።»

ሳቀች። ስትስቅ ዓይኗን እንዳያማት በእጇ ትይዘዋለች። «አንቺ ልጅ» አለች፣ ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላኝን ሴት፣ «ራስሽን እየፈለግሽ ነው አይደል?»

«እኔ? እኔ የምፈልገው ነጠላ ሰረዝ ነው።»

«ትደርሺያለሽ» አለች።

እኔና እሷ አንድ ደንብ አለን። አንዳችን የጻፍነውን ሌላዋ ጮክ ብላ ታነባለች። የጻፈችው እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ትንፍሽ አትልም፣ አታርምም፣ አታብራራም። የራስሽን ስህተት የምትሰሚው በሰው አፍ ሲመጣ ነው ትላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስናነባበብ ከረምን። ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት፣ በአርባ አራት ዓመቴ፣ ማድ ቤቷ ውስጥ፣ እጄን ከላይ ይዛ።

ከስምንት ዓመት በፊት የእኔም መጽሐፍ ወጥቷል። አሥራ አንድ አጫጭር ታሪኮች። መቅድሙን የጻፈችው እሷ ናት። ሰው እስከ ዛሬ የሚያነሣልኝ መቅድሙን ነው። «አንቺ ነሽ እንዴ በአርባ አራት ዓመቷ ፊደል የቆጠረችው? ይገርማል!» ይሉኛል። ስለ ታሪኮቹ አንድ ቃል የተናገረኝ ሰው የለም። እሷም ብትሆን ረቂቁን አራት ወር ነው ያቆየችው። አሟት ነበር። በየሳምንቱ ሾርባ ሠርቼ ያንን ደረጃ እወጣ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ምዕራፍ ሰባት። ጓደኝነት በእኩዮች መካከል ብቻ ነው ወይ የሚለው።

ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለጥኩ። ከመቶ አሥራ ሁለት ወደ መቶ አሥራ አራት። አራሚው «ቁሚ» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለኝም።

ቀጠልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ይኸው አይደለም። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ገና ሳይነጋ ተነሣሁ።

ገጽ መቶ አሥራ ሦስት ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ትናንት አራሚው ሻይ ሊጠጣ በወጣበት ደቂቃ፣ የሚመጣውን ላየው ብዬ ዓይኔን ጣል አደረግኩበት። «በአርባ አራት ዓመቷ ስሟን መጻፍ የማትችል ጓደኛ ነበረችኝ» ይላል። የእሷው እጅ ጽሑፍ ነው፣ ያ የመጀመሪያውን «ሀ» የጻፈልኝ።

በጥረዛ ክፍል ሳለሁ፣ ወረቀት እያጠፍኩና እየሰፋሁ፣ በየወሩ መጀመሪያ የሥራ ድልድሉን አንብበን ከስማችን አጠገብ መፈረም ነበረብን። እኔ በዚያ ቀን እጄን በጨርቅ አስሬ እመጣለሁ። ቢላዋው ቆረጠኝ እላለሁ። ጥረዛ ቤት ቁስል ብርቅ አይደለም። አጠገቤ የምትሠራው ትፈርምልኛለች፣ እግረ መንገዷንም የተጻፈውን ታነብልኛለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ታናሽ እህቴ ጨርቁን እያጠበች ታሰጣልኝ ነበር፣ ውሃ አፍልታ፣ እያዘነችልኝ።

እሷ የመጽሐፏን ጥረዛ ለማየት ሁለት ወር ተከታትላ መጣች። በመጀመሪያው ወር ቀኝ እጄን አስሬ ነበር። በሁለተኛው ተሳስቼ ግራዬን አሰርኩ። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቀችና ጠጋ ብላ «ቁስልሽ ይዞራል እንዴ?» አለችኝ።

የጓደኝነታችን የመጀመሪያ ቀልድ ይኼ ነው። ለማንም አልነገርኩትም። ለማንም እንዳትነግሪ ብዬም አላስማልኳትም፣ ጓደኛን ሰው ያስምላል እንዴ? አሁን ይኸው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቅጂ ልታሳትመው ነው።

ከገጹ በታች ሌላ ነገርም አለ። እሱን አልጽፈውም።

ሰኞ፣ የካቲት 17

የዘለለችው ታይፒስቷ ናት። እሷ ባትዘለው ኖሮ አራሚው ያቆመኝ ነበር። እኔ ቅጠል ገለጥኩ፣ ሌላ ምን አደረግኩ?

ሁለቱ አንቀጾች ደግሞ ሳይፈናፈኑ ገጥመዋል። ገጹ የተወለደ አይመስልም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

እህቴ ዛሬ እንዲህ አለችኝ፦ «ሴትዮ፣ ምን ነክቶሻል? ትበያለሽ አትበዪም፣ ትተኛለሽ አትተኚም። በዚህ ዕድሜሽ ፍቅር ያዘሽ እንዳልል የሚመጣ ሰው አላይም።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«የእሷ መጽሐፍ ነው አይደል? ሲወጣ አንድ ቅጂ አምጪልኝ፣ እኔም ላንብበው። እሷኮ መቼም ጓደኛሽ ትሁን እመቤትሽ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።»

እህቴ መጽሐፍ አትወድም። ይህን ግን ታነባለች። ምዕራፍ ሰባት ላይ ስትደርስ፣ ያ ሁሉ ውሃ የፈላው ለምን እንደሆነ ታውቃለች።

አሁን ግን ገጹ የለም። ስለዚህ አትደርስበትም። ይህን እያሰብኩ ሳህን አጠብኩ። አንዱን ሰበርኩት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ከዋሸሁ ለምን ፊደል ቆጠርኩ።

ሁለቱ ቅጠሎች ተጣብቀው ነበር። ማር ይሁን የሻይ ስኳር አላውቅም፣ ስትጽፍ መቅመስ ትወዳለች። ወረቀት በማጥፍበት የአጥንት ማጠፊያዬ፣ ከጥረዛ ክፍል ይዤው በወጣሁት፣ ቀስ ብዬ አላቀቅኋቸው። ሲላቀቁ ጠርዛቸው ቀጭ አለ፣ ከዚያ በፊት ሰው እንዳልገለጣቸው አወቅሁ። ታይፒስቷ እንዳላየችው አወቅሁ። አራሚው «ቁሚ» እንደማይለኝ አውቄ ነው የዘለልኩት።

ይኼው ነው እውነቱ። የላይኛው ግማሽ።

እሑድ፣ የካቲት 30

ዓርብ ዕለት አራሚው መነጽሩን አውልቆ «እትዬ፣ ይቺ ምዕራፍ ሰባት አልጣመችኝም» አለ።

«ምኗ?»

«ጥያቄውን ትጠይቃለች፣ ከዚያ ዘላ መልሱን ታገኛለች። መንገዱ የለም። እስቲ ረቂቁን አምጪው።»

አመጣሁለት። መቶ አሥራ ሁለት፣ መቶ አሥራ አራት። ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ።

«ሦስትስ?»

«ቁጥር ላይ ድሮም ትዘላለች» አልኩት። «ጽሑፉን እንጂ ቁጥሩን መች ታውቅበታለች።»

ሳቀ። «ደራሲ ሁሉ እንዲያው ነው። እኔ ሰውን የማምነው እስከ ነጠላ ሰረዝ ድረስ ነው፣ አንቺን ግን እስከ ነጥቡ» አለና ረቂቁን መለሰልኝ።

መቁጠር ያስተማረችኝን ሴት ቁጥር አታውቅም አልኩ። አንቺ ሴት፣ ምን ቀረሽ?

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

መጽሐፉ ሰኞ ማሽን ላይ ይወጣል። ከዚያ በፊት ቅዳሜ ሄጄ ላነብላት ነው። «ጓደኛዬ ታንብብልኝ፣ ሌላ ሰው አልፈልግም» ብላለች።

ቀን ሙሉ ስለ ሰበብ አሰብኩ። ጉልበቴ። ጉንፋን። የእህቴ ነገር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

አነበብኩላት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት፣ ለምሳ ብቻ አርፈን።

ምዕራፍ ስድስት ሲያልቅ ውሃ ጠጣሁ። እሷ ጭንቅላቷን ወንበሩ ላይ አሳርፋ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ደንባችን ዝም ብላለች። ምዕራፍ ሰባትን ጀመርኩ። የጎደለችው ገጽ ጋ ስደርስ ድምፄን ሳልቀይር አለፍኩ። አንድ ነገር ብቻ አየሁ። የቀኝ እጇ ጣቶች ከጭኗ ተነሡ፣ አየር ላይ ትንሽ ቆዩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ።

ትንፍሽ አላለችም። ደንብ ነው። ከዚያ በኋላ ዘጠና ገጽ አነበብኩላት፣ እሷ እያወቀች፣ እኔም ማወቋን እያወቅሁ። እንደዚያ ያለ ዘጠና ገጽ ጠላቴም አያንብብ።

የመጨረሻው መስመር አለቀ። ወረቀቱን አስተካክዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ።

«ዛሬ የትኛው እጅሽ ነው የታሰረው?» አለችኝ።

«ሁለቱም» አልኳት።

ፎቁ ሥር መኪና ይነሣል፣ ይጠፋል፣ ይነሣል።

«አነበብሽው?»

«አነበብኩት።»

«እስከ ታች?»

«እስከ ታች። አራት ወር!» አልኩ፣ ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም። «አራት ወር አሞኛል ብለሽ! ሾርባ እየሠራሁ ይህን ደረጃ እወጣ ነበርኮ!»

«ሾርባው ጣፋጭ ነበር።»

«ጨው የለውም ብለሽኛል!»

«ታምሜያለሁ ያልኩት ሴት፣ ጣፈጠኝ ልበል?»

ሳቅ መጣብኝ፣ ዋጥኩት። ልስቅላት አልመጣሁም።

«ስሚኝ» አለች። «ሳልጠይቅሽ መጻፌ ጥፋት ነው። ልጠይቅሽ ሦስት ጊዜ ስልክ አንሥቼ ዘግቻለሁ። የኔን ጉድ ፊት ለፊት ልነግርሽ ፈራሁ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ አሰፈርኩና ማተሚያ ቤት ላክሁት፣ እንደምታነቢው አውቅ ነበራ። ደብዳቤ የላክሁልሽ መስሎኝ ነበር። አራሚው ፊት ጮክ ብለሽ እንደምታነቢው ግን ለአፍታ አላሰብኩም። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሽውን ሥራ ረሳሁት።»

«ስለ ጓደኝነት መጽሐፍ እየጻፍሽ?»

«ስለ ጓደኝነት መጽሐፍ እየጻፍኩ።»

ልነሣ ስል ቀሚሴን ያዘች። «ገጹ ግማሹ ያንቺ ነው፣ ግማሹ የእኔ። የእኔ ግማሽ እንዲወጣ እፈልጋለሁ። ያንቺን ቆርጠሽ አስቀሪው፣ አልቀየምም።»

«ግማሽ ቅጠል አይጠረዝም» አልኳትና ወጣሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 7

የታችኛውን ልጽፈው ነው። ሰበብ አልቆብኛል።

እንዲህ ይላል፦ «እሷ ጨርቋን ፈታች፣ የእኔ ግን እንደታሰረ ነው። የመጀመሪያ ታሪኮቿን ስትሰጠኝ በሁለት ቀን ጨረስኳቸው። ከዚያ አራት ወር ታመምኩ አልኳት። አልታመምኩም፣ ቀንቼ ነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት ስቆፍርለት የኖርኩትን ዓረፍተ ነገር እሷ ወረቀት እንደሚያጥፍ ሰው በአንድ እጇ ጽፋዋለች። መቅድሙንም የጻፍኩት ላስተዋውቃት አልነበረም፣ ከፊቷ ለመቆም ነበር። አንባቢው ፊደል በስንት ዓመቷ እንደቆጠረች ሲደነቅ፣ ምን እንደጻፈች ሳያይ እንዲያልፍ። ተሳካልኝ። እኩዮች ነን ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ መልሴ አይደለንም ነው፤ ከመካከላችን የትኛዋ ዝቅ እንዳለች ግን ሰው ሁሉ ተሳስቷል።»

ከየካቲት 12 ጀምሮ በቃሌ ነው የማውቀው። እህቴ ስትተኛ አውጥቼ አነበዋለሁ። ስለ ጽሑፌ አንድ ሰው፣ ያውም እሷ፣ የተናገረው ነገር ይኼ ብቻ ነው። የሰረቅሁት ስላፈርኩ ብቻ እንዳይመስለኝ። ለብቻዬ እንዲሆን ፈልጌም ነው። ለሰው ሁሉ ከተነገረ የእኔ አይሆንም ብዬ።

ደግሞ አንጀቴ ነዷል። ስምንት ዓመት! በስምንት ዓመት ውስጥ ሌላ መጽሐፍ እጽፍ ነበር።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ከሥራ ቀረሁ። እህቴን «ደውዪና እጇን ቢላዋ ቆርጧታል በያቸው» አልኳት። ካሉት ሰበቦች ሁሉ ከአፌ የወጣው እሱ ነው። እህቴ ስልኩን ይዛ ሁለቱን እጆቼን አየች። ደወለች።

ማሽኑ ዛሬ ተነሣ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ዛሬም ቀረሁ። አሁን አትመው ጨርሰዋል። ሰኞ ብሄድ ገጹ ማሽኑ ሳይነሣ ይደርስ ነበር። ማክሰኞ ብሄድ ግማሹ ይተርፍ ነበር። እግሬ የት ሄዶ ነው?

እሷ አልደወለችም። ብትደውል እቆጣ ነበር። ባለመደወሏም ተቆጣሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ሄድኩ። በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ። ገጹን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

«ይህ ከየት መጣ?»

«ከቦርሳዬ።»

አነበበው። ሲያነብ ፊቱን አላየሁም፣ የግድግዳውን ሰዓት ነው ያየሁት።

«እትዬ፣ ታትሞ አልቋልኮ!»

«ጥረዛ አልተጀመረም። ነጠላ ቅጠል አትሙልኝ፣ በየመጽሐፉ መሀል በእጄ እለጥፈዋለሁ።»

«አንድ ሺህ ሁለት መቶውን?»

«በጥረዛ ክፍሉ አሥራ አራት ዓመት ምን ሳደርግ የኖርኩ ይመስልሃል?»

የስህተት መግለጫ የሚባል ቅጽ አለ። ስህተቱ፣ ምክንያቱ፣ የሠራተኛው ፊርማ። ምክንያት በሚለው ላይ «አፍሬ» ብዬ ጻፍኩ። አገላብጦ አየውና «ይህ ምክንያት ተብሎ አይጻፍም» አለኝ። ሌላ የለኝም አልኩት። በቀኝ እጄ ፈረምኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ሳይነበብ የሚታተም ነገር የለም። ስለዚህ ታይፒስቷ ገጹን ጻፈችና አራሚው ፊት ተቀመጥኩ። ከጠዋት ጀምሮ አላናገረኝም። ቢያኮርፍ ይገባዋል፣ እስከ ነጥቡ ያመነኝ ሰው ነው።

«ቀጥዪ» አለ፣ ገና ሳልጀምር።

አነበብኩ። ስሟን መጻፍ የማትችለውን ሴት፣ ጨርቁን፣ የሚዞረውን ቁስል፣ ከዚያ የታችኛውን ሁሉ። አንድ ጊዜ እንኳ «ቁሚ» አላለኝም። ሲያልቅ እርሳሱን አስቀመጠ፣ አነሣ፣ አስቀመጠ።

«ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል» አለ።

«የት ጋ?»

ሊያሳየኝ አልቻለም።

እሑድ፣ መጋቢት 14

መጽሐፉ ሳይደርስባት ለእህቴ ራሴ ልንገራት አልኩ። ልብስ ስትተኩስ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ያ የጥረዛ ቤቱ እጄ ትዝ ይልሻል?» አልኳት። «ስታጥቢልኝ የነበረው ጨርቅ?»

ካውያውን አላቆመችም። «ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ ደም የሌለው ጨርቅ አጥቤያለሁ» አለች። «ደንቆሮ መሰልኩሽ እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ታጥቢው ነበር?»

«ባላጥበው ልትነግሪኝ ነበር?» አለችና ሸሚዙን ገለበጠችው። ከዚያ እንደ ልማዷ ጨመረችልኝ፣ «የሰኞውን ደግሞ በስልክ ነው ያጠብኩልሽ።»

ተነሥቼ ማድ ቤት ገባሁ። እዚያ የምሠራው ነገር አልነበረኝም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

አምስት ቀን ስለጥፍ ሰነበትኩ። ጀርባዬ አልቋል። ጣቶቼ ማታ ማታ ለየብቻ ይመታሉ። ቅጠሉን አነሣለሁ፣ ጠርዙን ሙጫ አስነካለሁ፣ ቦታው አገባለሁ፣ በአጥንቱ አንዴ እጫናለሁ። እያንዳንዱን ስለጥፍ ላላነበው እሞክራለሁ፣ ዓይኔ ግን «ቁስልሽ ይዞራል» ላይ ይሄዳል። መጀመሪያ ቀን ያመኝ ነበር። ሐሙስ ላይ ሳቅሁ፣ ብቻዬን።

ዛሬ ከቀትር በፊት የጥረዛ ክፍሉ በር ተከፈተና እሷ ገባች። ጥቁር መነጽሯን አድርጋ፣ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች። ማንበብ የተፈቀደላት ከትናንት ጀምሮ ነው፣ በቀን ግማሽ ሰዓት። ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠች። እኔ ሥራዬን አላቋረጥኩም።

«ቆርጠሽ ታስቀሪዋለሽ ብዬ ነበር» አለች።

«ነግሬሻለሁ፣ ግማሽ ቅጠል አይጠረዝም።»

«ታዲያ አሁን ታርቀናል?»

«አልታረቅንም። ስምንት ዓመት አለብሽ።»

«አውቃለሁ።» ከዚያ እጀታዋን ሰበሰበች። «አሳዪኝ።»

«ይህ ያንቺ ሥራ አይደለም።»

«ፊደልስ ያንቺ ሥራ ነበር?»

ብሩሹን ሰጠኋት። ሙጫውን እንደ ቅቤ ለቀለቀችው። «ኧረ አታብዢው! ጠርዙ ላይ ብቻ፣ እንደ ክር» አልኳት። ሁለተኛውን ገልብጣ ለጠፈችው። በሦስተኛው የራሷን ጣት ለጠፈች። ያን ያህል መጽሐፍ የጻፈ እጅ አንዲት ቅጠል ቀጥ አድርጎ ማስገባት አቃተው፣ እኔም ደስ አላለኝም አልልም። በአራተኛው ላይ ከኋላዋ ቆምኩና እጇን ከላይ ይዤ አጥንቱን አብሬያት ገፋሁት። እጇ ቀዝቃዛ ነው። አርጅቷል። የእኔም አርጅቷል።

«ትቆጪኛለሽ» አለች፣ ሳትዞር።

«አንቺም ትቆጪኝ ነበር።»

«እኔ አልቆጣም ነበር።»

«‹ሠ› ስጽፍ እግሯን ሰበርሻት ብለሽ ጮኸሽብኛል።»

«ሰብረሻታላ!»

አራሚው በበሩ አንገቱን አስግጎ ምን ያስቃችኋል አለ። እሷ የለጠፈቻቸውን አራቱን ቅጂዎች አነሣና በብርሃን አያቸው። «እነዚህ ጠማማ ናቸው፣ ይጣሉ» አለ። ከሄደ በኋላ አንዷን ቅጂ ለይቼ አስቀረሁ። ሁለተኛዋን፣ የተገለበጠችውን። አንባቢው ምዕራፍ ሰባት ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ዞር አድርጎ መያዝ አለበት።

ቦርሳዬ ውስጥ ናት፣ ያ ገጽ አራት ሳምንት በቆየበት ኪስ። ይህችኛዋን ግን ጠይቄ ነው የወሰድኳት።